አውጫጭኝ በባሕር ላይ

አያ ሙላቴ ሽማግሌዎቹን ሁለት ጊዜ መልሰዋቸዋል። መጀመሪያ በየካቲት አጋማሽ ሲመጡ «ጾም ሊገባ ምን ቀረው? ከፋሲካ በኋላ ያድርሰን» አሏቸው። ከፋሲካ በኋላ ሲመጡ ደግሞ «ጉልበቴን አሞኛል» አሏቸው። ጉልበት ልጅ ከመዳር ጋር ምን እንደሚያገናኘው የጠየቀ አልነበረም። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ መመለሱ ደንብ ነው፤ እንዲያውም በመጀመሪያው ቀን እሺ ከተባለ ጎረቤት «ልጅቱ ምን ሆና ይሆን?» ይላል። ሦስተኛው ቀጠሮ እሑድ ግንቦት 18 ቀን 2011 ዓ.ም. ነበር። በሦስተኛው የተመለሰ ሽማግሌ ግን አራተኛ አይመጣም።

የምትጠየቀው ልጅ ዓይናለም ናት፤ የአያ ሙላቴ አንድ ልጅ። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምራ ተመረቀች፤ ሥራ ጠበቀች፤ መጠበቁ ሲሰለቻት ከመናኸሪያው ጀርባ ስድስት ኮምፒውተር ያለው ጌም ቤት ከፈተች። ጠያቂው ደረጄ የሒሳብ አስተማሪ ነው። አይጠጣም፣ አይጮህም፣ ሰው ሲያወራ እስኪጨርስ ይጠብቃል። አያ ሙላቴ ሦስት ወር ሙሉ እንከን ፈልገውበት ያገኙት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የአባቱ ስም ነው። ደረጄ ፈንታሁን።

ያን ስም አያ ሙላቴ በአፋቸው ከጠሩት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1992 መስከረም፣ ከገሳይ ወደ ጉና ሲወጣ ባለች አንዲት መንደር የቄሱ በቅሎ ጠፋች። ያን ጊዜ አያ ሙላቴ የአርባ አምስት ዓመት ሰው፣ የአገሩም የአውጫጭኝ ዳኛ ነበሩ። አውጫጭኝ ሲጠራ አገሩ በሙሉ ሜዳ ይወጣል፤ ሌባው እስኪታወቅ እርሻውን የሚያይ፣ ከብቱን የሚያግድ የለም። ዳኛው አይመታም፣ አይሳደብም። ተቀምጦ ያዳምጣል። ያየ ሰው ለብቻው መጥቶ በጆሮው ሹክ ይለዋል፤ የዚያ ሰው ስም አይነገርም፣ «ወፍ» ነው የሚባለው።

አያ ሙላቴ ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ናቸው ይባል ነበር። ሌሎች ዳኞች የሚያወራውን ሰው ሲያዳምጡ እሳቸው የማያወራውን ያዳምጣሉ። «ንጹሕ ሰው ይንጫጫል» ይላሉ። «እርሻዬ፣ ጥጃዬ፣ ልጄ ይላል። እናንተ ዝም ያለውን ያዙልኝ።»

በዚያ መስከረም ሦስት ቀን ተቀመጡ። ሁሉም ተንጫጫ። ፈንታሁን የሚባለው ገበሬ ብቻ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ሦስቱንም ቀን አንድ ቃል አልተናገረም። ሲጠየቅ ራሱን ወዘወዘ። እህል ሲቀርብ አልቀመሰም። አያ ሙላቴ ዝምታውን ቆጠሩ፣ ጋቢውን ቆጠሩ፣ ያልተቀመሰውን እህል ቆጠሩ። ወፍ አልመጣችም፤ እሳቸውም ወፍ አላስፈለጋቸውም። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ተፈረደ፦ ፈንታሁን በቅሎዋን እስኪያመጣ ድረስ እሳት የሚሰጠው፣ ውሃ የሚያቀምሰው፣ ደቦ የሚወጣለት አይኑር። ፈንታሁን በሳምንቱ ሚስቱንና የዘጠኝ ዓመት ልጁን ይዞ ደብረ ታቦር ገባ።

በቅሎዋ በጥቅምት መጣች። ቄሱ የገዟት ከሐሙሲት ገበያ ነበር፤ አንድ ቀን የቀድሞ ጌታዋ ትዝ ቢላት ብቻዋን ተጉዛ ደራ እቤቱ ገብታለች። ሰውዬው ሐቀኛ ስለሆነ ገዢዋን አጠያይቆ መልሶ አመጣት። የሰረቃት ራሷ ነበረች። አገሩ ተሰብስቦ ፍርዱን ሻረ። ለፈንታሁን የሚነግር ሰው መሄድ ነበረበት፤ ሁሉም ዳኛው ይሄዳል ብሎ አሰበ። ዳኛው አጨዳው ይለቅ አሉ፤ ከዚያ ውቂያው ይለቅ አሉ፤ ከዚያ ዝናብ መጣ። ከገሳይ ደብረ ታቦር በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም።

በዚያው ዓመት ዳኝነቱን ተዉት። ለምን ብሎ ለጠየቃቸው ሰው ሁሉ «ጉልበቴን አሞኛል» ነበር መልሳቸው።

ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ዓይናለም «ጉና ላይ ብቻዎን አይከርሙም» ብላ ደብረ ታቦር አመጣቻቸው። ቀን ቀን ጌም ቤቱ በር ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። ደንበኛው ሁሉ የሚጫወተው ኳስ ነው። አያ ሙላቴ ኳሱን ሁለት ወር ተመልክተው «ዳኛው ደካማ ነው» አሉና ዳግመኛ አላዩትም። በስድስተኛው ኮምፒውተር ላይ ግን አንድ አስተማሪ ብቻውን የሚጫወተው ነገር ነበር። ስክሪኑ ላይ ጥቁር ውሃና አንድ አረንጓዴ መሥመር እንጂ ሌላ የለም። ሰውዬው ማዳመጫ በጆሮው አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል።

«ይህ ሰው ተኝቶ ነው የሚከፍልሽ?» ብለው ልጃቸውን ጠየቋት።

«እየተጫወተ ነው፣ አባዬ። አንዱ መርከብ ከውሃ ሥር ይደበቃል፤ ሌላው ከላይ ሆኖ ይፈልገዋል።»

«በምን ያየዋል?»

«አያየውም። ይሰማዋል እንጂ።»

አያ ሙላቴ ወንበራቸውን ከበሩ አንሥተው ስድስተኛው ኮምፒውተር አጠገብ አኖሩት። ያን ጊዜ ደረጄ ለእሳቸው አስተማሪው ብቻ ነበር።

ደረጄ ማዳመጫውን አውልቆ ሰጣቸው፤ ማስረዳት ይወዳል። «ይህ ሶናር ነው፣ አያ ሙላቴ፤ የመርከቧ ጆሮ። ሁለት ዓይነት አሠራር አለው። አንዱ ዝም ብሎ መስማት ነው። ሁለተኛው ድምፅ ለቆ፣ ገደል መትቶ እንደሚመለስ ጩኸት፣ ምላሹን መጠበቅ ነው። ሁለተኛው የተደበቀውን ርቀት በትክክል ይነግርዎታል።»

«ለተደበቀውም የእኔን ይነግረዋላ!»

«አዎ። እንዲያውም እሱ ቀድሞ ይሰማዎታል።»

«ታዲያ ምን ዓይነት ቂል ነው ጮኾ የሚጀምር? ጉና ላይ ጉም ሲወርድ የጠፋ በሬ የሚፈልግ ሰው ከጮኸ፣ ሌባው የበሬውን አፍ ጥፍር አድርጎ ይይዛል።»

ደረጄ ትንሽ አሰበና «የጨዋታው መመሪያም ይህንኑ ነው የሚለው፤ በሬው ብቻ ነው የሌለበት» አለ።

አያ ሙላቴ ባሕር አይተው አያውቁም። ጣናን አንድ ጊዜ ከሩቅ አይተውታል፤ በዝቶባቸው ፊታቸውን መልሰዋል። ነገር ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ መርከቧን በሦስት ጣት መንዳት ቻሉ። የሚሮጥ መርከብ የሚሰማው ራሱን ብቻ እንደሆነ ማንም ሳይነግራቸው ገባቸው፤ ጥቂት ሮጠው፣ ሞተር አጥፍተው፣ ያዳምጣሉ። ከላይ ያለው የሞቀ ውሃ ከታች ካለው ቀዝቃዛ ጋር በሚገናኝበት ድንበር ላይ ድምፅ እንደሚታጠፍና ሰርጓጁ መርከብ ከድንበሩ በታች እንደሚደበቅ ደረጄ ሲነግራቸው «እንደ ጉም ነዋ» አሉ። «ከጉም በላይ ቆመህ የማዶውን ደብር ደወል ትሰማለህ፤ ከእግርህ ሥር የሚያስለውን ሰው ግን አትሰማም።» ከዚያ ወዲያ በገመድ የተንጠለጠለውን የመርከቧን ጆሮ ከድንበሩ በታች ሳያወርዱ ፍለጋ አይጀምሩም።

ሰርጓጁ ላይ የሚጣለውን ቦምብ አይወዱም ነበር። በጥልቁ ውስጥ ከፈነዳ በኋላ ውሃው እስኪረጋ ድረስ መርከቧ ምንም አትሰማም። «የተቆጣ ዳኛ» ይሉታል።

የራሳቸው ዘዴ ሌላ ነው። አካባቢውን ይከብቡና ይቀመጣሉ። ሰርጓጁ ከውሃ ሥር ሲሆን የሚሄደው በባትሪ ነው፤ ባትሪው ያልቃል፤ አየሩ ያልቃል፤ ግድ ይወጣል። «ባትሪው እርሻው ነው» ይላሉ አያ ሙላቴ። «እስከ መቼ ትቶት ይቀመጣል?» ዓይናለም ሰዓቱን ማፍጠን እንደሚቻል፣ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ እንደሆነ ብትነግራቸው «አውጫጭኝ አይፈጥንም» ብለው እጇን ከቁልፉ ላይ አነሡት። ጨዋታው ራሱ የሚነዳቸው ሰርጓጆች አንድ በአንድ እያፈሩ ወጡላቸው። አያ ሙላቴ በባሕር ላይ አንድም ጊዜ አልተሳሳቱም። ውሃ ውስጥ ዝም ያለ ሁሉ በደለኛ ነው። ይህ ለእሳቸው ትልቅ ዕረፍት ነበር።

ደረጄ አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ ይነግራቸዋል። «መርከቧ ከኋላዋ አትሰማም፣ አያ ሙላቴ። የራሷ አካልና የራሷ ሞተር ይሸፍናታል። አልፎ አልፎ ዞር ብለው ማዳመጥ አለብዎ።»

«ኋላዬ ምን አለ? ያለፍሁበት ውሃ ነው።»

እንዲህ ሆነው ሲኖሩ ነው በየካቲት ሽማግሌዎቹ የመጡት። እንደ ደንቡ የልጁን አባት ስም ከነአገሩ ጠሩ፤ ፈንታሁን፣ ከገሳይ በላይ። አያ ሙላቴ ጾሙ መድረሱ ትዝ ያላቸው በዚያች ደቂቃ ነው። ደረጄ ከዚያ በኋላም እንደ ወትሮው መጣ፣ እንደ ወትሮው ሰላም አላቸው። የያኔው ዳኛ ማን እንደነበር አባቱ ነግሮት እንደሆነ አልጠየቁትም። ማዳመጫው በጆሮ ሲሆን ብዙ ነገር አይጠየቅም።

ቅዳሜ ግንቦት 17 ጠዋት ዓይናለም ጌም ቤቱን ከፍታ ኮምፒውተሮቹን ስትወለውል «አባዬ፣ ነገ ምን ሊሏቸው ነው?» አለቻቸው።

«ጉልበቴ እኮ...»

«ጉልበትዎ ደኅና ነው። ትናንት ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ድረስ በእግርዎ ሄደው መጥተዋል።»

«ስመለስ አሞኝ ነበር።»

ጨርቁን አጥፋ አስቀመጠች። «ነገ ከመለሷቸው ሌላ ሰው አላገባም፣ አባዬ። አልጮህም፣ አልኮበልልም፣ ምግብዎንም አላጓድልም። ዝም ነው የምለው።»

አያ ሙላቴ ዝም ስላለ ሰው ከማንም በላይ ያውቃሉ።

አራት ሰዓት ላይ ደረጄ መጣ። «ና ቁጭ በል» አሉት። «ዛሬ አንተ ተደበቅ፤ እኔ ልፈልግህ።» እስከዚያ ቀን እርስ በርስ ተጋጥመው አያውቁም። ምን አስበው እንደጠሩት እሳቸውም በደንብ አያውቁትም። ምናልባት ደረጄ ከተያዘ፣ ነገ ለሽማግሌዎቹ የሚሉት ነገር ይኖራል። ልጄን ተደብቆ ለሚያዝ ሰው አልሰጥም ይባላል ወይ? እሱን ቀስ ብለው ያስቡበታል።

ዓይናለም ሁለቱን ኮምፒውተሮች በገመድ አገናኘችና ጀርባ ለጀርባ አስቀመጠቻቸው። መብራት ያን ቀን አልጠፋም።

አያ ሙላቴ ሮጡ፣ ቆሙ፣ አዳመጡ። ጆሯቸውን ከድንበሩ በታች አወረዱ። የዓሣ መንጋ ሰሙ፤ ተዉት። ሩቅ የሚያልፍ የጭነት መርከብ ሰሙ፤ ተዉት። ደረጄን አልሰሙትም። አንድ ሰዓት ሙሉ አልሰሙትም። በመጨረሻ ያላደረጉትን አደረጉ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኹ። ድምፁ ሄዶ፣ የሆነ ነገር ነክቶ ተመለሰ። ከባሕሩ ወለል ላይ የተቀመጠ ትልቅ ብረት ነው። አይንቀሳቀስም። ድምፅ የለውም። ደለሉን እስከ ዓይኑ ተከናንቧል።

«ያዝሁት» አሉ አያ ሙላቴ።

በዝግታ እየዞሩ ከበቡት። ስድስት ሰዓት ሆነ። ኳስ የሚጫወቱት ተጫውተው ሄዱ። ዓይናለም ዳቦና ሻይ አመጣች፤ አያ ሙላቴ አልቀመሱም፣ ደረጄም አልቀመሰም። ሰባት ሰዓት ሆነ። ስምንት ሰዓት ሆነ። «እርሻው እያለቀ ነው» አሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ማዳመጫውን ከአንድ ጆሯቸው ላይ ገለጥ አድርገው «ይህ ሰው አይተነፍስም እንዴ?» አሏት ልጃቸውን።

ዓይናለም በትከሻቸው ላይ አጎንብሳ ስክሪኑን አየች። ረጅም ጊዜ አየች።

«አባዬ፣ የከበቡት የሰመጠ መርከብ ነው።»

«ማን አሰመጠው?»

«ማንም። የጨዋታው ካርታ ከተሠራ ጀምሮ እዚያ ነው ያለው። የሞተ ነው።»

«እሱስ የት አለ?»

ደረጄ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያውን ቃል ተናገረ። «ከኋላዎ ነኝ፣ አያ ሙላቴ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአምስት ሰዓት ጀምሮ።»

አያ ሙላቴ መርከቧን አዞሩ። ጊዜ አልወሰደም። ማዳመጫውን መልሰው አደረጉ፤ በእርግጥም ነበር። ዝቅ ያለ፣ እኩል የሚሄድ፣ ጨለማ ቤት ውስጥ ሰው ቀስ ብሎ ወፍጮ የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ። አራት ሰዓት ሙሉ አጠገባቸው ነበር።

«ቶርፔዶ አልሰጡህም?»

«ስድስት አለኝ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«እኔ የመጣሁት እርስዎን ላሰምጥ አይደለም» አለ ደረጄ። በኮምፒውተሩ ጀርባ ፊቱ አይታይም ነበር።

አያ ሙላቴ ማዳመጫውን አወለቁና ገመዱን ጠቅልለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አባትህ» አሉ፤ ከዚያ ቆሙ፤ ከዚያ እንደገና ጀመሩ። «ፈንታሁን ያን ጊዜ ለምን ዝም አለ?»

«ጥርሱን አሞት ነበር።»

«ምኑን?»

«ጥርሱን። ጉንጩ አብጦ አፉ አልከፈት ብሎት ነበር። ብርድ እንዳይመታው ብላ ጋቢውን ያጠቀለለችለት እናቴ ናት። ሦስተኛው ቀን ላይ ውሃ እንኳ አልዋጥ ብሎት ነበር።»

«እህል ሲቀርብለት እንቢ ያለው...»

«በምን ያኝከው?»

ዓይናለም ቀና ብላ አባቷን አየች፤ ከዚያ ደረጄን አየች፤ ከዚያ ያጠፈችውን ጨርቅ አንሥታ የጸዳውን ጠረጴዛ እንደገና ወለወለች። ስለዚያ ነገር ዛሬ ገና መስማቷ ነው።

አያ ሙላቴ ዱላቸውን ፈለጉ። «ቤታችሁ የት ነው?»

«አባዬ!» አለች ዓይናለም። «ነገ የሚመጡት እነሱ ናቸው። የሴት አባት ቀድሞ የወንዱ ቤት ይሄዳል እንዴ?»

«ነገ እነሱ ይምጡ። የዛሬው የእኔ ነው።»

የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ በማጅራቱ ይሸከማል። በጉና ይህ አያስቸግርም፤ ድንጋይ የትም አለ። የደብረ ታቦር ድንጋይ ግን ሁሉም ኮብልስቶን ሆኖ ተነጥፏል። አያ ሙላቴ ራሳቸውን ደፍተው መንገድ መንገዱን እያዩ ሄዱ፤ ደረጄና ዓይናለም ተከተሏቸው። ለውሃ መስመር ከተቆፈረው ቦይ ዳር አንድ ደህና ድንጋይ አገኙ። ጎንበስ ብለው አነሡት፤ ዐሥር እርምጃ ሄዱ፤ ቆሙ።

«ይስጡኝ» አለ ደረጄ።

«አይሆንም። ድንጋዩ የእኔ ነው።»

«በሩ ድረስ ልያዝልዎ። ከበሩ ወዲያ የእርስዎ።»

አያ ሙላቴ ነገሩን መዘኑት። እንዲህ ያለ ፍርድ ሰምተው አያውቁም፤ ስሕተትም አላገኙበትም። የተበዳይ ልጅ የበዳይን ድንጋይ ተሸክሞ ቀበሌውን አቋረጠ። የሚያውቁት ተማሪዎች «ቲቸር፣ ቤት እየሠሩ ነው?» አሉት።

በሩ ላይ ድንጋዩን መልሶ ሰጣቸው። አያ ሙላቴ ማጅራታቸው ላይ አድርገው ተንበረከኩ። ጉልበታቸው ቋ አለ።

ፈንታሁን በሩን ከፈተ። ሸብቷል፤ ከስቷል፤ ጋቢው ትከሻው ላይ ነው። የቆመውን ልጁን አየ፣ ልጅቱን አየ፣ የተንበረከኩትን ሰውዬ አየ።

«ፈንታሁን» አሉ አያ ሙላቴ ወደ መሬት። «በቅሎዋ ተመልሳለች።»

«ሰምቻለሁ።»

«መቼ?»

«በዚያው በጥቅምት። ገሳይ ደርሶ የመጣ ሰው ነገረኝ።»

«ታዲያ ለምን ወደ አገርህ አልተመለስህም?»

«ያ ወሬ ነዋ። የፈረዳችሁብኝ በሸንጎ ነው፤ በወሬ አልመለስም አልሁ። ከሸንጎው ሰው እስኪመጣ ጠበቅሁ።»

«ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት?»

«ሥራም ነበረብኝ» አለ ፈንታሁን።

ከዚያ ዝም አለ። አያ ሙላቴ ዝም ያለን ሰው መጠበቅ ያውቁበታል። ዛሬ ግን ምንም አልቆጠሩም። ድንጋዩ ከበዳቸው፤ ዶሮ በግቢው ውስጥ አለፈች፤ ዓይናለም ከንፈሯን ነከሰች። ፈንታሁን ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን በሁለት እጁ አነሣላቸውና ከአጥሩ ሥር አኖረው። ከዚያም ብብታቸውን ይዞ ደግፎ አስነሣቸው።

«ይህን ሁሉ መንገድ በዚህ ጉልበትህ ተሸከምኸው?»

«ልጅህ ነው የተሸከመው። እኔ ከበሩ ወዲህ ነኝ።»

«ልጄ ደግ ነው።»

«አይቻለሁ» አሉ አያ ሙላቴ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ አቧራቸውን አራገፉ፤ ሊገቡ አንድ እግራቸውን አነሡና መልሰው አወረዱት። «የቱ ጥርስ ነበር?»

ፈንታሁን አፉን ከፈተ፤ ጉንጩን በጣቱ ወደ ውጭ ሳበው። አያ ሙላቴ እጃቸውን ከኋላ አጣምረው ቀረብ ብለው አዩ። ከታች፣ በግራ በኩል፣ ከመጨረሻው ቀጥሎ ባዶ ቦታ ነበር። ረጅም ጊዜ አዩት።

በማግሥቱ እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን ከወጣ በኋላ፣ ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። አያ ሙላቴ ደጃፍ ላይ እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው እንደ ቅል አብጧል። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ታላቅየው ቀጠሮውን ከወዲሁ እንደተሰናበተ ሰው ሆኖ «ጉልበትዎስ እንዴት ነው?» አላቸው።

«ዛሬስ በእውነት አሞኛል» አሉ አያ ሙላቴ። «ግቡ።»